ከዚያ ጫካ ቅጠል አይወጣም

ልጅ ሳለሁ፣ መቱ ላይ ክረምቱ ሲበረታ፣ አባቴ የእንጨት ሥራ ቤቱን በር ገርበብ አድርጎ ቀን ሲልግ የዋለውን ፍቅፋቂ በቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ ያነደው ነበር። የዋንዛው ጭስ ዓይን ቢያቃጥልም ሽታው ደስ ይላል፤ ፍሙ ቶሎ ስለሚከስም እፍ ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ፋኖሱ ከመጋዙ ጎን ተሰቅሎ የመጋዙን ጥርሶች ጥላ ግድግዳው ላይ ያገዝፈዋል። እኔ ፈሪ ልጅ ስለነበርኩ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው።

ያኔ በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ህንዳዊ የሂሳብ መምህር ነበሩ። ስማቸው ለአፋችን ስለከበደ፣ እሳቸውም «አገሬ የደመና ቤት ናት» ማለት ስለሚያበዙ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ደመና ይላቸው ነበር። ሲመሽ ሹራባቸውን ደራርበው ይመጡና እጃቸውን ምድጃው ላይ ዘርግተው ስለ አገራቸው ያወሩ ነበር።

«እርስዎ አገርም እንዲህ ይዘንባል?» አላቸው አንድ ቀን አባቴ፣ ጣራው በዝናብ ሲንኳኳ።

«ይሄ ዝናብ ነው? ይሄ ጤዛ ነው!» አሉ ጋሽ ደመና፣ ተቆጥተው ማለት ይቻላል።

ከገደል ስለሚወርዱ ፏፏቴዎች፣ ውስጣቸው ድንጋዩ እንደ ሻማ ስለሚንጠባጠብ ዋሻዎች፣ ደግሞም በቁሙ ካለ ዛፍ ሥር ስለሚሠራ ድልድይ ይነግሩን ነበር። የዛፉን ሥር ገና ለጋ ሳለ በወንዙ ላይ ይመሩታል፤ የተከለው ሰው ሳይሻገርበት ያረጃል፤ የልጅ ልጁ ይሻገርበታል። አባቴ አናጢ ነውና ይቺን ሰምቶ ማለፍ አይችልም ነበር።

«ድልድይ ይበቅላል? ያለ አንዲት ምስማር?»

«ያለ ምስማር።»

«ጋሽ ደመና፣ የሂሳብ አስተማሪ መሆንዎ ጠቀመን። ተረት ቢያስተምሩ ኖሮ ልጆቻችን አያልፉም ነበር።»

እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ስለ ተቀደሰው ጫካ ሲያወሩ ግን አይስቁም። ከዚያ ጫካ ምንም አይወጣም፤ ፍሬም፣ ድንጋይም፣ ወድቆ የደረቀ ቅጠልም። አባቴ «ታዲያ እዚያ አገር አናጢ ምን በልቶ ያድራል?» ሲላቸው፣ «ሌላ ጫካ አለ እኮ ጌታዬ፤ አንዱን ብቻ ነው የምንተወው» አሉት። አባቴ ይቺን አልተከራከረም። እሱም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነፋስ የጣለውን ዛፍ እንኳ አምጥቶ ልጎ አያውቅም።

ስለዚያ ጫካ የሚነግሩን ተረት እንዲህ ነበር። ማገዶው ሁሉ በዝናብ የራሰበት አንድ ሰው ከዚያ ጫካ አንዲት ደረቅ ጭራሮ በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ጫካውን የሚጠብቀው ነብር ከኋላው መጣ። ሰውዬው ሲቆም ነብሩ ይቆማል፤ ሲሄድ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጋሽ ደመና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ሁለቱን ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ እከታለሁ። ሳወጣቸው አባቴ እየሳቀብኝ ነው፤ ጋሽ ደመናም ተነስተዋል። ተረቱን ስንት ጊዜ እንደነገሩን አላውቅም። መጨረሻውን ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም፤ ነብሩ ሰውዬውን እንደበላው ስለገባኝም አልጠየቅሁም።

አሁን የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ዩለስ በምትባል ከተማ፣ ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ከሚጭነው ልጄ ከዳዊት ጋር ነው። በዚህ ዓመት የዳዊት ልጅ ማህሌት፣ ነርስ ናት፣ አብራት የምትሠራ ህንዳዊት ጓደኛዋ ህንድ አገር በሚደገሰው ሠርጓ ጠራቻት። ከመሄዷ በፊት እራት ላይ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች።

«አባባ፣ ይሄን ይዩ። ከሠርጉ በኋላ እዚህ ነው የምንሄደው። ሜጋላያ ይባላል። ማለቴ... ትርጉሙ የደመና ቤት ነው አለችኝ።»

መነጽሬን አደረግሁ። ስልኩ ላይ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ ከዛፍ ሥር የተጎነጎነ ድልድይ አለ፤ ሰዎች ይሻገሩበታል። አንዲት ምስማር የለውም። አባቴ ቢያየው ኖሮ ብዬ ለማህሌት ሁሉንም አወራኋት፤ ምድጃውን፣ ጋሽ ደመናን፣ ድልድዩን። እሷም የተቀደሰውን ጫካ እንደሚያዩ ነገረችኝ። እኔም እጅግ ደስ ስላለኝ፣ አፌ እንደለመደው፣ «በይ እንግዲህ ከዚያ ጫካ የሆነች ነገር ይዘሽልኝ ነይ፤ አፈርም ቢሆን ቅጠልም ቢሆን» አልኳት። እኛ ዘንድ ወደ ተከበረ ቦታ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ገዳም የሄደ እምነትና ጠበል ይዞ ይመጣል፤ የቀረውም ሰው እጁን ይዘረጋል። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

«ኦኬ አባባ፣ ፕሮሚስ» ብላ ሳመችኝ።

ከሄደች በኋላ አንድ ከሰዓት ዩለስ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ውሃው መንገዱን ሲሞላው ሳይ፣ የዋንዛው ጭስ አፍንጫዬ ላይ የመጣ መሰለኝ፤ ወዲያው የጋሽ ደመና ድምፅ ተከተለ፤ ከዚያ ጫካ ምንም አይወጣም። የማከብረውን ሰው ቃል ያፈረስኩ እኔ፤ ያለ ጥፋቷ የላክኋት እኔ። ሰማንያ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ የተጠመቅሁ ሰው ነኝ፤ ነብሩን አምናለሁ አልልም። አላምንም ብዬም መቀመጥ አልቻልኩም።

ስልክ ሞከርኩ፤ አይነሳም። ዳዊት ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ዳዊት፣ ማህሌትን አግኝልኝ። ምንም እንዳታነሳ ንገራት።»

«አባዬ፣ ኔትወርክ የሌለበት ነው ያለችው፣ ተራራ ላይ ናቸው። ደግሞ አፈር ነው እንዴ ያዘዟት? አፈርና ቅጠል እኮ ወደዚህ አገር አይገባም፤ ኤርፖርት ይወስዱባታል።»

«ቅጠሉን ነው ወይስ እሷን?»

«ቅጠሉን ነው እንጂ!» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ የአባቴ ሳቅ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ቀድሞ የምፈራው ነብሩን ብቻ ነበር፤ አሁን ጉምሩኩ ተጨመረብኝ። ልጅቱ ብትታመም፣ ተንሸራታ ብትወድቅ፣ ብትያዝ፣ ሁሉም ከእኔ ነው የሚጀምረው። በቤታችን ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና እያልኩ ሰነበትኩ። ምግብ አልወርድልኝ አለ።

አንድ ቀን ማለዳ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኩ ጮኸ። ማህሌት ናት፤ እዚያ መሽቷል።

«አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ! ግን ምንም አላመጣሁልዎትም። ሶ... ጫካውን የሚያስጎበኘው ሽማግሌ ገና ሳንገባ ምንም አይወጣም አለን። ስንወጣ ሹራቤ ላይ ቅጠል ተለጥፎ አየ። አላቅቄ ስይዘው እርስዎን አሰብኩ፤ ፕሮሚስ አድርጌ ነበር። ኪሴ ውስጥ ልከተው ነበር... መሬት ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ቅር አለዎት?»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። «ተመስገን» ብቻ ነው የወጣኝ፤ «ተመስገን የኔ ልጅ፤ እሰይ!»

«አባባ፣ እያለቀሱ ነው? አንድ ተረትም ነገረን። ጭራሮ ስለሰረቀ ሰው፤ ነብር ተከተለው።»

እጄ ሳላዝዘው ወደ ጆሮዬ ሄደ። ግን ስልኩን ይዞ ነበርና ስልኩን አጠብቆ ያዘው።

«ከዚያስ?» አልኳት። «ከዚያስ ነብሩ ምን አደረገው?»

«ምንም! ሰውዬው ደክሞት ጭራሮውን ይዞ ወደ ጫካው ሲመለስ ነብሩ አሁንም ከኋላው ነበር። ወደ ቦታው ሲመልሰው ጨልሟል። ከዚያ ነብሩ ከፊት ከፊቱ እየሄደ ቤቱ ድረስ ሸኘው። እስከ በሩ! አሪፍ አይደል?»

አሪፍ ነው አልኳት።

ከዳዊት ጋር ሄደን ከኤርፖርቱ ስንቀበላት፣ ገና ከሩቅ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ እያሳየች ነበር የመጣችው። ባዶ ናቸው። ያንን ባዶ መዳፍ ሳምኩት።

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ብቻዬን ስቀመጥ ያንን የፍቅፋቂ እሳት አስባለሁ። ጋሽ ደመና ፈሪ ልጅ ሊያስፈራሩ አልነበረም በዚያ ዝናብ ከክፍላቸው እየወጡ የሚመጡት። መጨረሻውን ሁልጊዜ ተናግረውታል፤ አባቴም ሰምቶታል፤ ይስቅብኝ የነበረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተረቱን ግማሽ ብቻ ይዤ፣ ከኋላዬ በሚሰማኝ ኮቴ ሁሉ ስደነግጥ ኖርኩ። ያ ኮቴ የሸኚ ኮቴም ሊሆን እንደሚችል ግን ያኔ ጣቶቼን ከጆሮዬ ቀደም ብዬ ባወጣ ኖሮ እሰማው ነበር።