የባለ ሉካንዳው ግራ እጅ

ካኪ ጨርቅ በከሰል ካውያ ሲተኮስ የሚያወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? ውሃ ተረጭቶበት ብረቱ ሲያርፍበት ሽሽ ይልና የተቃጠለ ገለባ የመሰለ፣ ጎምዘዝ ያለ እንፋሎት ይወጣዋል። ከተከራየሁት ክፍል ጎን የፖሊስ ሚስት ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት የባሏን ልብስ ስትተኩስ ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ እኔም የያዝኩትን ትቼ ቁጭ እላለሁ። ሌላው ሰው ካኪ ሲሸተው ሰልፍና ባንዲራ ይታየው ይሆናል። ለእኔ የሚታየኝ ደም ነው።

አባቴ ነቀምቴ ውስጥ ሉካንዳ ነበረው። አዲስ አበባ ያደገ የሸዋ ሰው ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ሹም ተከትሎ ወለጋ መጣና በዚያው ቀረ። እናቴ የዚያው አገር፣ የዲጋ ልጅ ናት፣ ሚሲዮን የተማረች፣ ስትጸልይም ስታለቅስም ስትጣላም በኦሮምኛ። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ በሁለቱም በደንብ ተሰድቤያለሁ።

አባቴ ይመታ ነበር። አለሳልሼ አልናገረውም። በሬ የሚጥል እጅ ነው የነበረው። ወጡ ጨው ሲበዛበት ይመታል፣ ሲያንሰውም ይመታል። ሲመታ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ብልት እንደሚያወጣ ሰው ዝም ብሎ፣ ተረጋግቶ ነው። ሲጨርስ ደጃፉ ላይ ይቀመጥና እጁን እያገላበጠ ያየዋል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። እናቴ ያበጠ ጉንጯን በቀዝቃዛ ጨርቅ እየያዘች «ሕመም ነው ልጄ፣ የጦርነት ጊዜ ሕመም ነው» ትለኝ ነበር። እንደ ወባ፣ እንደ ሚጥል በሽታ አድርጋ ነበር የምታየው። የታመመ ሰው ተጥሎ አይኬድም፤ እሷም አልሄደችም።

በኋላ ግን ሄደች። አጎቴ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ከዲጋ ለገበያ መጥቶ ሊሰናበታት ጎራ ሲል ትንሽ ጉበት ጠቅልላ ሰጠችው። አባቴ «ሳታስፈቅጂኝ?» አለ። ከዚያ በኋላ ቃል አልነበረም። ሁለት ጣቶቿን ሰበራቸው። ሲሰበሩ ሰምቻለሁ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲቀነጠስ እንደሚሰማው ነው። ጣቶቿን በነጠላዋ ጥለት ጠፍራ፣ ጫማዋን በብብቷ ይዛ ወጣች። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሩ ላይ ያዝኳት። «አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ» አለችኝ።

እኔም ከዚያ በኋላ ሰው መሆን አቃተኝ። ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ «እናትሽ ኮበለለች አሉ» ቢለኝ የፊት ጥርሱን በድንጋይ አወለቅሁለት። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ ደም የረጨበትን ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ሲሄድ እኔ ቤት ሮጥኩና ሁለት ቀሚስ ደርቤ፣ ከላይ የእናቴን ሹራብ ጨምሬ፣ ዱላዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

ገባ። አልመታኝም። አየኝና «በርዶሻል እንዴ?» አለኝ።

የሆነውን የነገረኝ በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱን ስካውቶች የሚመራው አስተማሪ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ልጆቹ ሜዳ ላይ ቀርተው ኖሯል። ዲሬክተሩ ስለ እኔ ጥፋት ሲናገር ቆይቶ «ልጆቹን ሥርዓት የሚያሲዝ ሰው እንኳ አጣን» ብሎ ሲያማርር፣ አባቴ ከአፉ አመለጠው፦ «እኔ ስካውት ነበርኩ።»

«መቼ ጋሼ?»

«ጣሊያን ሳይገባ።»

ልጅ ሳለ አዲስ አበባ ስካውት ነበር። ጣሊያን የገባ ጊዜ እናቱ፣ ልጄን በዚህ ይገድሉብኛል ብላ፣ ቁምጣውንም ሸሚዙንም ምድጃ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ስካውት የምትለውን ቃል ከአፉ ሰምተን አናውቅም። ይኸው በዚያ ሳምንት ካኪ ቁምጣ አሰፋ። ራሱ ተኮሰው። ከሰሉን እፍ እያለ፣ እንደ ሙሽራ እየተጠነቀቀ።

አትሳቁ፤ ነቀምቴ ሳቀችላችኋለች። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሴቶቹ «ኦቦ፣ ሱሪህን ጅብ በላው?» ይሉታል። አንዱ ደንበኛው፣ ሉካንዳው በር ላይ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ «ጋሼ፣ እሱን ተወውና ከዚያ ከባትህ ግማሽ ኪሎ መዝንልኝማ!» አለው። እኔ መጥረቢያው የሚወረወር መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። አባቴ ባቱን ዞር ብሎ አየና «አጥንት ይበዛዋል» አለ። ሳቀም።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ልጆቹን ሲያሠለጥን አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አየው ነበር። ሴት አይገባም። የታጨደ ሣር ሽታ፣ የፉጨት ድምፅ፣ አባቴ ፊት ፊት እየሮጠ። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ የድንኳኑን ገመድ ሆን ብሎ በቢላ ቆረጠና ድንኳኑ በሌሎቹ ላይ ወደቀ። የአባቴ አንገት ሲያብጥ አየሁ። ያቺን አንገት አውቃታለሁ። በቃ ገደለው አልኩ። እሱ ግን ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ መለሰና ከቀበቶው ሥር ሻጣቸው። ትንፋሹ እስኪረጋ እንደዚያ ቆመ። «ስካውት ሲናደድ እጁን ያስራል» አላቸው፣ በቀስታ። «አሁን ገመዱን አንተው ትቀጥለዋለህ።»

ያን ቀን ከአጥሩ ወርጄ እስከ ቤት ድረስ በመንገድ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ በእግሬ ስመታ ሄድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም ነበር።

ስካውቶች የሚጨባበጡት በግራ እጅ ነው። አባቴ ይኼን ሲያስተምር ልጆቹ አፈሩ። በእኛ አገር ግራ እጅህን ለሰው ከዘረጋህ ሰድበኸዋል፤ ለታላቅህ ከሆነማ ራስህን ለዱላ አዘጋጅ። እሱ ግን «ግራ እጅ የልብ ጎረቤት ናት፤ ለወንድም የምትሰጠው እሷን ነው» ይላል። አንዱ የዋህ ልጅ ለአያቱ ሞክሮት፣ ሽማግሌው እስከ ጉቴ መንገድ ድረስ በከዘራ አባረሩት። አባቴ ያን ሰምቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ማታ ሲመጣ እኔንም በግራው ይጨብጠኝ ጀመር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ወደ ዲጋ ላከ። ተመላልሰው ጨረሱት፦ እሁድ ይምጣ፣ አጎቴ እጁን ይጨብጠዋል፣ እናቴም ጓዟን ይዛ ትመለሳለች። ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። አልጋዋን አነጠፍኩ፣ አፈረስኩ፣ እንደገና አነጠፍኩ። እናቴን ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምንም።

እሁድ ጠዋት አባቴ ካኪውን ለብሶ ወጣ። «ኮት አድርግ እንጂ አባዬ!» አልኩት።

«በዚህ ልብስ አይታኝ አታውቅም። ትየኝ።»

በጭነት መኪና ዲጋ ደረስን። የአጎቴ ግቢ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ፣ የአጎቴ ጎረምሶች አጥሩን ተደግፈው፣ እናቴ እንደ ደንቡ እጓዳ። ትልቁ ሽማግሌ የሰላም እርጥብ ሣር ለሁለቱም አስጨብጠው በኦሮምኛ መረቁ። ከዚያ «በሉ ተጨባበጡ» አሉ።

አጎቴ ዱላውን ወደ ግራው አሻግሮ ቀኙን ዘረጋ። «ሶዳ» አለው። አማቼ ማለቱ ነው፤ ድምፁም ቅን ነበር። አባቴ ፊቱ በራ፤ ለስካውቶቹ የሚበራው ፊት። ረስቶ ነው ይላሉ። እኔ ረስቶ አይመስለኝም። ካለው ሁሉ የተሻለውን ሊሰጠው ፈልጎ ነው።

ግራ እጁን ዘረጋ።

ከጎረምሶቹ አንዱ «ሃርካ ቢታ!» ብሎ ጮኸ፣ ግራ እጁን ሰጠው! አጎቴ ፊቱ ደም ለበሰ። «እህቴን ሰብረህ፣ ደጄ ድረስ መጥተህ፣ ግራህን?»

የመጀመሪያው ዱላ የአባቴ ጆሮ ላይ አረፈ። የስካውት ባርኔጣው በረረ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ፣ ሦስተኛው ግንባሩ ላይ፤ ቅንድቡ ተከፈተና ደሙ በዚያ በተተኮሰ ሸሚዝ ላይ ተንዠቀዠቀ። ጎረምሶቹም ገቡበት፣ በእርግጫ፣ በቡጢ። ሽማግሌዎቹ «ማሎ! ማሎ! እባካችሁ!» እያሉ በመሃል ይወድቃሉ። እኔ ያየሁት ግን እጆቹን ነው። ወደ ኋላ መልሶ ከቀበቶው ሥር ሻጣቸው።

«ምታው!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ፣ ምታው! አንተ በሬ ትጥል የለም እንዴ! ምታው!»

አልመታም። በጉልበቱ ወደቀ፤ እጆቹ ከኋላው እንደታሰሩ ናቸው። ከአጥሩ እሾሃም እንጨት በሁለት እጄ መንጭቄ አንዱን ጎረምሳ ጀርባውን ገሸለጥኩት። «የስካውት ሰላምታ ነው! የወንድም ሰላምታ ነው እናንተ ደደቦች!» በአማርኛ ጮኽኩ፣ በኦሮምኛ ደገምኩት። አጎቴ ዱላውን እንዳነሳ ቀረ። «ምንድነው የምትይው ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ? ምን ማለት ነው? ታዲያ አፍ የለውም?»

ያኔ እናቴ ወጣች። ሁሉም መንገድ ለቀቀላት። አባቴ ተንበርክኮ፣ ዓይኑ ደም ሞልቶት፣ አንገቱን ደፍቷል። አልፋው ወደ ኋላው ዞረች። እጆቹን አየቻቸው። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

በአማርኛ ነው የተናገረችው። ለእሱ እንዲገባው።

«ለካ ትችላለህ» አለች። «ለካ እጅህን መያዝ ትችል ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ተሯሯጡ። አጎቴ ይቅርታ ጠየቀ፣ በግ እክሳለሁ አለ፣ ምድር ሳመ። «በቃ፣ ነገሩ ስሕተት ነው፤ ተነሽ አንቺም፣ ጓዝሽን ያዢ» አሏት። እሷ ሞቅ ያለ ውሃ አመጣችና የአባቴን ግንባር አጠበች፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችለት፣ በሚገባ፣ ሳትቸኩል። ሁለት ጣቶቿ ጠማማ ሆነው ነው የዳኑት፤ ቋጠሮው አስቸገራት። ጨርሳ ስትነሳ ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አለች፦ «ሕመም መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ሕመም ቢሆን እመለስ ነበር።» ገብታ በሩን ዘጋች።

እስከ ዛሬ ዲጋ ናት። አሁን ስሄድ በሰላም ታስተናግደኛለች፤ ስለ እሱ ትጠይቀኛለች፣ ሳል አለበት ወይ፣ ይበላል ወይ ትላለች። ስለዚያ ቀን አንነጋገርም።

ያን ቀን መኪና አጥተን በእግራችን ተመለስን። አንድ ዓይኑ ስለተደፈነ እኔ ነበርኩ የምመራው። መንገዱ ላይ ካለች ወንዝ ስንደርስ ቁጭ አለ። መዳፎቼን ያየው እዚያ ነው፤ የአጥሩ እሾህ እንደሞላባቸው ነበር። አንዱን እጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጥፍሩ ይነቅልልኝ ጀመር።

«እናትሽ ምን አለች?» አለኝ። ጆሮው በዱላው ደንቁሮ አልሰማም ነበር።

ነገርኩት። እንዳለችው፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

«ድገሚልኝ» አለና ደህናውን ጆሮ አዞረልኝ።

ደገምኩለት። ውሃው ድንጋዮቹን እየመታ ይወርዳል። አባቴ እንደገና ወደ መዳፌ አጎነበሰ። በጣም የጠለቀችውን እሾህ በሁለት ጥፍሩ ያዛት። ነቀላት።

«አመመሽ?» አለኝ።

በዕድሜዬ ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«አዎ» አልኩት። «በጣም።»