ራህመቶ የሰፋው ቀላል ድንኳን

አባቴ ራህመቶ አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በአንድ እህል ነጋዴ መደብር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ፣ ሱሪና እጀ ጠባብ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ከወሎ የመጣው በወጣትነቱ፣ ሐዲዱ ገና ሲዘረጋ ነበር። በስፌቱ ማንም አያማውም። ነገር ግን "ራህመቶ ልብስ ሰፊው" ብለው ሲጠሩት ፊቱ ይከፋ ነበር፤ "ራህመቶ አዳኙ" እንዲሉት ነበር የሚፈልገው። በዓመት አንዴ፣ ጥር ላይ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ በረሃ ይወርዳል። የቀረውን ዓመት ሁሉ ተጎንብሶ የሚሰፋው ያችን ጥር ለመጠበቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኔ ልጁ በድሪያ ነኝ። አግብቼ ነበር፤ ሰውየው ጠባዩ አልያዝ ሲለኝ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩና የቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋሁለት በረንዳው ላይ አብሬው እውል ጀመር። እናቴ ዙለይካ ከሞተች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ብቻ ነን። አባቴን "አንተ" እያልኩ ነው ያደግኩት። ጎረቤት ይገረም ነበር፤ እኛ ግን ተስማምቶናል።

ጓደኞቹን ላስተዋውቅ። ጋሼ ኃይለየሱስ የቡልጋ ሰው፣ የሐዲድ ጠባቂ ናቸው። ድምፃቸው ከባቡሩ ፊሽካ አይተናነስም፤ ልባቸው ግን ቅቤ ነው። ኦቦ ሰንበታ ከአዋሽ ማዶ ንብ የሚያነቡ፣ ትንሽ የሚናገሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አቶ ንዋይ ደግሞ የኬላ ጸሐፊ ነው። አንድ ጊዜ ለፈረንጅ አዳኞች አስተርጓሚ ሆኖ ስለሄደ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ እኛ ሳይሆን እንደ ፈረንጆቹ ነው የሚያወራው። ከአራቱ እስላሙ አባቴ ብቻ ስለሆነ በረሃ ሲወርዱ ድስታቸው ሁለት ነው። አንዱን አውሬ እሱ ካረደ የሚቀጥለውን እነሱ ያርዳሉ፤ ተራው ያልደረሰው በሶውን በጥብጦ ይጠጣል። ስለዚህ ነገር ተጣልተው አያውቁም። ጣሪያቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር።

በ1922 ዓ.ም. ሁለት ነገር ተደራረበ። ድንኳናቸውን የምትሸከመውን በቅሎ በክረምቱ ጅብ በላት። ኦቦ ሰንበታ ደግሞ ከአዋሽ ማዶ፣ ወደ አቦምሳ በሚያስኬደው በኩል፣ በቅሎም አህያም የማይወርድበት ገደል ውስጥ አጋዘን እንደ ፍየል ተሰማርቶ አየሁ ብለው መጡ። ስለዚህ የዚያ ዓመት ጭነት ሁሉ በሰው ጀርባ ሊሆን ነው። አሮጌው ድንኳን ደግሞ ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ ምሰሶው ብቻውን አንድ ሰው የሚያጎብጥ ነበር።

ለእነሱ ጥያቄው የድንኳን ምርጫ ነበር። ለእኔ ግን ሌላ ነበር። የአባቴ ቀኝ ጉልበት ካለፈው ጥር ጀምሮ ታሟል። ማታ ማታ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እያሞቅሁ የማሸው እኔ ነኝ፤ እብጠቱን በእጄ አውቀዋለሁ። ለጓደኞቹ ትንፍሽ እንዳልል "ወላሂ በይ" ብሎ አስምሎኛል። ቀላል ድንኳን ከተገኘ ይሄዳል፤ ካልተገኘ ይቀራል። ቢሄድ ደግሞ ከዚያ ገደል ይወጣል ወይ? ይህን እያሰብኩ ስንት ቁልፍ ቀዳዳ አጣምሜ ሰፋሁ።

ምክክሩ በእኛ ግቢ ሆነ።

"አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጥተው ኦቦ ሰንበታ ተቀመጡ። ጋሼ ኃይለየሱስ ግን ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ምን ምክር ያስፈልገዋል? አሮጌውን ድንኳን እየተቀያየርን እንሸከማለን። እኛ እኮ ወንዶች ነን!"

"ምሰሶውን ማን ይሸከም?" አላቸው አባቴ።

"አንተ ነሃ! ጎበዝ አይደለህ እንዴ?"

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ንዋይ የፈረንጆቹን ድንኳን አነሳ። አረንጓዴ ጨርቅ፣ ተጣጣፊ ብረት፣ ታጣፊ አልጋ፣ የጎማ መታጠቢያ ገንዳ ሁሉ ነበራቸው አለ። ስንት ተሸካሚ ነበራቸው ሲባል፣ እሱን አልቆጠርኩም ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሼ ኃይለየሱስ ገንዳውን አንተው ተሸክመህ አንተው ትታጠብበታለህ አሉትና ነገሩ በሳቅ አለፈ።

ኦቦ ሰንበታ ሰሌን ይሻላል አሉ፤ ከብት አርቢዎቹ በጎበጠ እንጨት ላይ ጣል አድርገው የሚያድሩበት ዓይነት። እውነትም ቀላል ነው። አባቴ ግን ጥቅልሉ ሰፊ ስለሆነ በግራሩ መሃል ሲያልፉ እሾሁ እየያዘው ይንኮሻኮሻል፣ አጋዘኑም እስከ አርሲ ነገሌ ይሮጣል አላቸው። ኦቦ ሰንበታ ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። በጋቢ ብቻ እንተኛ የሚል ሐሳብም ነበር። ይኸኛው ግን ቶሎ ወደቀ፤ አንድ ዓመት ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ አግኝቷቸው ጋሼ ኃይለየሱስ በንዳድ ሊሞቱ ስለነበር ነው።

በመጨረሻ አባቴ የራሱን አወጣ። "ምሰሶ የለም፣ ካስማ የለም። ጠፍር ከዛፍ ወደ ዛፍ እንወጥራለን፤ ጨርቁን በላዩ ጣል፤ ጫፉን በድንጋይ። አንዱ ወገን ዝግ፣ አንዱ ወገን ወደ እሳቱ ክፍት። ዛፉም ድንጋዩም እዚያው እያለ ከአዳማ ለምን እንሸከማለን?"

"ጋሪዳ!" አሉ ኦቦ ሰንበታ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። በዚሁ ተስማሙ።

የአባቴ አለካክ ደግሞ የራሱ ነው። ሜትር አያወጣም። አቡጀዲውን መሬት ላይ ዘረጋና ሦስቱን ጎን ለጎን አስተኛቸው፤ አንዱን በራስጌ አንዱን በግርጌ፤ ትከሻ ከእግር ጋር ሲገጥም ቦታ ይተርፋልና። ከዚያ ዙሪያቸውን በጠመኔ አሰመረ። ጋሼ ኃይለየሱስ አፍንጫዬ ሥር ያለው የንዋይ እግር ነው ወይስ የሞተ ዓሣ ነው እያሉ ሲጮሁ አላፊ አግዳሚው በአጥር ያይ ነበር። የራሱን ቦታ ሳይተኛ ጨመረ። ሲሰፋው ዋለና፣ ነጭ ሆኖ አውሬ እንዳያስደነብር እኔ በግራር ቅርፊት ቀቅዬ አጠየምኩት። ሲደርቅ በነጋዴው የእህል ሚዛን ላይ ጣልነው። አንድ ሰው በቀላሉ የሚሸከመው ነበር። አባቴ በጣም ደስ አለው፤ ያን ማታ ጉልበቱን ሳሽ እንኳ አልተቆጣኝም።

የቀረው ዝናብ እንዳያስገባ መቀባት ነው። አባቴ ሞራ ሊቀባው ነበር። ጋሼ ኃይለየሱስ ግን የሞራው ነገር አላማራቸውም። የእስላም እርድ ሞራ ሥር ተኝቼ ብመለስ የነፍስ አባቴ ምን ይሉኛል ማለት ፈልገው፣ ይህን ላለመናገር "ሞራ... ጅብ ይጠራል" አሉ። አባቴ ገባው፤ እሱም እንዳልገባው ሆኖ "እውነትህን ነው፣ ጅብ ይጠራል" አለ። ሰዎቹ እንዲህ ነበሩ። ኦቦ ሰንበታ እንግዲያው ሰም ከኔ ብለው ሄዱና በማግስቱ አንድ ትልቅ ቅል ሙሉ ሰም ይዘው መጡ። የዓመቱ ሁሉ ሰም ነው። ሊሸጡት የነበረውን ነው ያመጡት፤ ፊታቸውን ያየ ያውቀዋል።

ግማሹ ይበቃ ነበር። እኔ አቅልጬ የማቀብለው ስለነበርኩ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ከተቀባ በኋላ ውሃ ስናፈስበት ተንከባሎ ወረደ።

"በቃው እኮ" አልኩት በጆሮው።

"ዝም በይ። ተረፈ ብዬ እጃቸው ላይ ልመልስ? ስጦታህን አልፈለግሁትም ማለት እኮ ነው።"

ኦቦ ሰንበታ ደግሞ ከአጠገባችን ቆመው፣ ሰሙ ሲጠጣ እያዩ ደስ ይላቸዋል። አባቴ ሁለተኛ ቀባው። ሦስተኛ ቀባው። ቅሉ እስኪደርቅ ቀባው። ይሉኝታ የሚባል ነገር እንደ ሰም ሲንጠባጠብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እኔ ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

እንደገና ሚዛን ላይ ሲወጣ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው። ደርቆ እንደ ቆዳ ቆሟል። ሁሉም ሚዛኑን አየ፤ ሁሉም ምክንያቱን ያውቃል፤ ኦቦ ሰንበታ እዚያው ስለቆሙ "ሰሙ በዛ" የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል አለ ንዋይ። ነጋዴው ከውስጥ ሆኖ "ሚዛኔን አትንካ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ያለውን መተው ጀመረ። ጋሼ ኃይለየሱስ ካፖርቴን እተዋለሁ አሉ። ንዋይ ማሰሮ ይቅር፣ ከቅል እንጠጣ አለ። ኦቦ ሰንበታ፣ ምስኪን፣ የምግባቸውን ግማሽ ተዉ። አባቴ ምንም አልተወም። ድንኳኑን በጣቱ ይደባብስ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ከገበያ ስመለስ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ትልቁ መቀስ በእጁ ነው። ከድንኳኑ ወርድ አንዱን ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን በወፍራም መርፌ እየቀመቀመ ነበር። ሰም የጠጣ ጨርቅ ለመኪና አይመችም። ጣቱ ደምቷል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"አቀልለዋለሁ።"

"የማንን ቦታ ነው የቆረጥከው?"

ቀና ሳይል መርፌውን ሳበ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሌላውን ጫፍ መቀምቀም ጀመርኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ከገደል ተረፈልኝ ብዬ። እውነቱን ለመናገር ግን ማልቀስ ነው የቃጣኝ።

ጓደኞቹ በነጋታው ጭነት ሊያዘጋጁ መጡ። ጋሼ ኃይለየሱስ ጥቅልሉን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉና "እንዴ! ራህመቶ፣ ምን ነካኸው? ላባ ሆነልህ!" አሉ። ወዲያው ፈትተው ግቢው ውስጥ ወጠሩት። ሦስቱ ገብተው በለመዱት አኳኋን ተኙ። ጋሼ ኃይለየሱስ "ና እንጂ ግባ!" እያሉ በእጃቸው ቦታ ሲፈልጉ እጃቸው የነካው ከጨርቁ ውጭ ያለውን መሬት ነው። ከሁሉ ቀድመው የገባቸው ኦቦ ሰንበታ ናቸው፤ ቀስ ብለው ተነስተው ወጡ።

"ይኼ ለሦስት ነው" አሉ ጋሼ ኃይለየሱስ።

"ለሦስት ነው" አለ አባቴ።

"ማን አዘዘህ? ክብደት ከሆነ ሌላ ነገር እንጥላለን! ዱቄቱን እንጥላለን! ሰሙን እንፍቀዋለን!" ኦቦ ሰንበታ ፊት "ሰሙን" ብለው ደነገጡ፤ ግን አሁን ማንም ግድ አልነበረውም።

"ክብደቱ አይደለም፣ ኃይሌ።" አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። እብጠቱን በቀን ብርሃን ለሰው ያሳየው ያኔ ነው። "መውረዱን እወርዳለሁ። መውጣቱን ነው የማልችለው።"

ንዋይ አይኑን ወደ አጥሩ አዞረ። ጋሼ ኃይለየሱስ ግን ተቆጡ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

"እንሸከምሃለና! የአጋዘን ሥጋ የምንሸከም ሰዎች አንተን ያቅተናል? በጀርባዬ አወጣሃለሁ፣ በማርያም!"

"አውቃለሁ" አለ አባቴ። "ለዚህ ነው የቆረጥኩት።"

ኦቦ ሰንበታ ጠፍሩን ፈትተው ድንኳኑን ማጠፍ ጀመሩ። ሲጨርሱ መጥተው የአባቴን ትከሻ ሳሙት።

የሄዱት በሌላው ቀን ማለዳ ነው። አባቴ ካልሸኘሁ ብሎ አብሯቸው ወጣ። ሜዳው እስከሚያልቅበት፣ ቁልቁለቱ እስከሚጀምርበት ድረስ እኩል እየተራመደ፣ የንዋይን እግር እየተረበ፣ ስለ ነፋስ አቅጣጫ እየመከረ ሄደ። አንድ ጊዜ እንኳ አላነከሰም። እኔ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው፤ የሚሆነውን ስለማውቅ። ሦስቱ ቁልቁል ወርደው ጭንቅላታቸው ከቁጥቋጦው በታች እስኪጠፋ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ ቆየ። ከዚያ ዞረና አየኝ፤ ለምን መጣሽ አላለኝም።

አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሁለተኛው አቃተው። ሄጄ ጎኑ ቆምኩ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለና፣ ክብደቱን ሁሉ ለቀቀብኝ። ቀጭን ሰው ነበር፤ ግን እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። እንደዚያው ተደግፎኝ አዳማ ገባን።