ቀጭኑን መስመር ያወፈርኩ ቀን

አባቴ ብራና ጸሐፊ ደብተራ ነበሩ። የፊደላቸው ቋሚ እግር ወፍራም፣ ማገናኛው ግን ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ቀጭኑን ሲስቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ወንዶቹ ልጆቻቸው ሁሉ ሲሸሹ እኔ ሴቷ የመቃ ብዕር ቀርጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጎረቤቱ «ልትቀስሺ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ! እጄ ፊደሉን ያዘ።

ድርቁ በጠናበት በዚያ ክፉ ቀን ዳዊት የሚያጽፍ ጠፋ። ፍየሉም አለቀ፣ ብራናውም አለቀ። አባቴ በረሀብ እግራቸው አብጦ ተኙ፤ ዓይኔ እያየ ሊሞቱብኝ ነው። አብዮቱ ያመጣው አዲስ ሹም መካነ ሰላም ከተማ ላይ ለእህል ማደያው ታፔላ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል፣ ለሠራ ሩብ ኩንታል ስንዴ ይሰጣል ሲባል ሰማሁና ቆርጬ ሄድኩ።

«አባትሽን ላኪልኝ» አለኝ ሹሙ።

«ተኝተዋል። እጃቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

ቆርቆሮው ላይ «የእርዳታ እህል እዚህ ይታደላል» ብዬ ልክ እንደ ብራናው አሳምሬ ጻፍኩ። ቆመው ሲያዩኝ የነበሩ አንድ ነጋዴ «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ!» አሉኝ። ሹሙ ግን መንገዱ ዳር ድረስ ሄዶ ዞር አለና ሳቀ።

«ከዚህ ፊደልሽ የተተከለ እንጨት ብቻ ነው የሚመስለው! ከሩቅ የመጣ ሰው ምኑን ያነባል? እስከ ነገ ካላስተካከልሽው ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

ሄጄ አየሁት፤ እውነቱን ነው። ቀጭኑ ሁሉ ጠፍቷል። መጽሐፍ ጉልበት ላይ ተደርጎ ይነበባል፣ ታፔላ ከመንገድ ማዶ፤ እኔ ሞኟ ይህን አላሰብኩትም።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኳቸው። ከተኙበት ቀና ሊሉ ሞከሩ። «ቀጭኑን እንዳትነኪው! የፊደል ክብሩ እሱ ነው።»

ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ክብሩን እንብላው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ! እርስዎ ከሚሞቱብኝ ፊደሉ ይወፍር!»

በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ማለዳ ተመልሼ እያንዳንዱን ቀጭን መስመር የጣቴን ያህል አወፈርኩት። እያለቀስኩ ነው ያወፈርኩት፣ ግን አንዱንም አላስቀረሁም። አንድ አስተማሪ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ጮክ ብሎ አነበበው። ስንዴዬን ተሸክሜ ገባሁ።

አባቴ በሉ። ቀስ በቀስም የእግራቸው እብጠት ጎደለ። መራመድ የቻሉ ዕለት ምርኩዛቸውን ይዘው «የጻፍሽውን አሳዪኝ» አሉኝ። ታፔላው ሥር ቆመው አንጋጠው አዩት፣ ደጋግመው አዩት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቁጣቸውን ጠበቅኩ።

«መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ዘሟል» አሉ። «መሰላል አምጪ።»

«ሊወጡ ነው እንዴ?» አልኩ ደንግጬ።

«አንቺ ነሽ እንጂ የምትወጪው! የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?» አሉና ምርኩዛቸውን ጥለው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ።