የሎርና ክንድና የዌንደል ዲስኮች

ፈጣን ዲስክ ገዝቶ የሚመጣ ጀማሪ ሳይ ደሜ ይፈላል። ጨዋታችን እንደ ጎልፍ ነው፤ በኳስ ፋንታ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወርን ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ እናስገባለን። ሱቅ ይገባና ጠርዙ ሰፊ የሆነውን፣ ትልቅ የፍጥነት ቁጥር የታተመበትን ይመርጣል። ከዚያ መነሻው ሲሚንቶ ላይ ወጥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውረዋል። ዲስኩ ትንሽ ሄዶ ወደ ግራ ይታጠፍና ጥዱ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ዲስኩን ይረግማል፤ ዲስኩ ግን ምንም አላጠፋም። ፈጣን ዲስክ ፈጣን ክንድ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ቀጥ ብሎ አይሄድም። መጀመሪያ ዘገምተኛውን ወርውር፣ ሳትሰለች ወርውር። አንድ ቀን ያ ሁልጊዜ ቀጥ ይል የነበረ ዲስክ ከክንድህ ፍጥነት የተነሳ ወደ ቀኝ መሸሽ ይጀምራል። ያኔ ክንድህ አልፎታልና አንድ ደረጃ ከፍ በል። የማስተምረው ይህንኑ ነው። ከመንገድ ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የመጫወቻውን ሣር የማጭደውም፣ የቅርጫቶቹን ሰንሰለት የማጠብቀውም፣ ጀማሪውን የማናድደውም እኔ አርቪድ ነኝ።

ካናደድኳቸውና ካናደዱኝ ሁሉ ሎርና ካንጋስን የሚያህል የለም።

ሎርና የከተማችን ምግብ መደብር ውስጥ ስጋ ቆራጭ ናት። ኅዳር ላይ አዳኞች አጋዘናቸውን ሲያመጡ ቋሊማውን የምታዘጋጅላቸው እሷ ናት፤ የታረደ ከብት ግማሽ ጎን ብቻዋን ከመንጠቆው ታወርዳለች። ባሏ ዌንደል ከክለባችን ሁሉ ሩቅ ወርዋሪ ነበር። እሱ በሕይወት ሳለ እሷ አንድም ቀን ዲስክ በእጇ ነክታ አታውቅም። እናንተ ትልልቅ ሰዎች ሳህን ስትወረውሩ ማን እንጨት ይፍለጥ እያለች ትስቅብን ነበር። ዌንደል በየካቲት ወር የሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ጣሪያ በረዶ እየጠረገ ሳለ ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። በረዶው ሲቀልጥ፣ በማክሰኞው የክለብ ጨዋታ፣ ሎርና የባሏን ቦርሳ አንግታ መጣች። ሁላችንም ደስ አለን።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ከቦርሳው ውስጥ ለጀማሪ የሚሆኑ ዘገምተኛ ዲስኮች ሞልተው ሳለ፣ እየመረጠች የምታወጣው የዌንደልን ፈጣኖች ነበር። ሌላው ቅርጫት ጋ እንደ ነገሩ ትወረውርና ሰባተኛው ቅርጫት ላይ ስንደርስ ከፈጣኖቹ አንዱን ትመዛለች። ሰባተኛው በስተግራው መጀመሪያ ኩሬ፣ ቀጥሎ ጥድ፣ ከጥዱ ጀርባ ደግሞ የበጋ እንግዶች ድንኳን የሚተክሉበት ሰፈር አለው። ዲስኩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይታጠፋል። ኩሬው ካልበላው ጥዱ ይውጠዋል። ነገርኳት። ደግሜ ነገርኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። ዌንደል እነዚያን ዲስኮች እንዴት ይሳሳላቸው እንደነበር አውቃለሁና፣ አንድ በአንድ ስታጠፋቸው እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር።

ክሊተስ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ አለን፤ ምላሱ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ጥዱ ምን በድሎሽ ነው እያለ ይቀልድባት ነበር። ልቡ ግን ደግ ነው። አንድ ቅዳሜ የዓሣ ማጥመጃ ቦቲውን አጥልቆ ኩሬው ዳር ያለው ረግረግ ውስጥ ገባና ጥቂት ዲስኮቿን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ስጋ ቤቱ ድረስ ወሰደላት። ታመሰግነኛለች ብሎ ሲጠብቅ ፊቷ ቅጭም አለ። ተቀበለችውና ባንኮኒው ስር ወርወር አደረገቻቸው። ምን አጠፋሁ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ግራ ገባኝ።

ነገሩ የገባኝ ሐምሌ ላይ ነው። ከጨዋታ በኋላ የመኪናዬን የኋላ መዝጊያ አውርደን እሱ ላይ ተቀምጠን ፓስቲ፣ ስጋና ድንች የተሞላ ዳቦ፣ እየበላን ሳለ ከኪሷ ስልክ ጮኸ። ያወጣችው የራሷን ስልክ አልነበረም፤ ጥጉ የተሰነጠቀ የዌንደል አሮጌ ስልክ ነበር። እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው ዲስኩ ሆድ ላይ ስሙንና ስልኩን ይጽፋል፤ ያገኘው ሰው ይደውላል፤ ሳይደውል የሚያስቀር ሌባ ነው። የሰውየው ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር እኔም ሰማሁት።

«ሄሎ፣ ዌንደል ነህ? ዌንደል ካንጋስ?»

«ስልኩ የሱ ነው» አለች ሎርና። «ባለቤቱ ነኝ።»

«ዲስኩን ድንኳናችን አጠገብ አገኘኋት፤ ሰማያዊ ናት። ዌንደል አለ?»

ሎርና ፓስቲዋን አስቀመጠች። «ለጊዜው ወጣ ብሏል» አለች። «በጣም ደስ ይለዋል። ይወዳታል እሷን ዲስክ።»

«እንግዲያው ለዌንደል የበሩ ምሰሶ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ክንዱ ግን ምን ዓይነት ክንድ ነው? እዚህ ድረስ?»

«ድሮም እንዲህ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። «ለቀብሩ ሁላችሁም ድስታችሁን ይዛችሁ መጣችሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ስሙን ጠርቶት ያውቃል? ስጋ ልትገዙ ስትመጡ ስለ አየሩ ታወራላችሁ። ስለ ዓሣ ታወራላችሁ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው እኮ ነው፤ እዚህ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። አሁን ዌንደል አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ መንገደኛ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነበር። እኛ አገር ሐዘንተኛ ፊት የሟችን ስም አለማንሳት ጨዋነት ነው፤ አያቶቻችን ከፊንላንድ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ዝምታ ነው። ስንከባከባት የነበረ መስሎን ነው እንጂ ክፉ አስበን አልነበረም። ክሊተስ ዲስኮቹን ለቅሞ ሲያመጣላት ለምን እንደከፋት ያኔ ገባኝ። የከተማው ሰው ዲስክ ሲያገኝ ለእሷ ይሰጣታል እንጂ አይደውልም።

«ክንድሽ ግን አልደረሰም» አልኳት።

«እንዳልደረሰማ መቼ ጠፋኝ፤ ባይደርስ ነው የምፈልገው። አንተም ደግሞ አዝነህልኝ ስሙን እንዳትጠራው። እንደ ምጽዋት ከሆነ አልፈልገውም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባተኛው ላይ ስትወረውር አፌን ይዤ አያለሁ። ዲስኩ ከኩሬው አልፎ ጥዱ ውስጥ ሲገባ ደስ ይለኝ ጀመር። ዕድሜ ልኬን ስቃወመው የኖርኩት ውርወራ ነበር፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ።

ግን ሁሉም ዲስክ ጥዱ አይደርስም። ኩሬው የበላው ደግሞ አይደውልም። እንግዶቹም ሁሉ ታማኞች አይደሉም። በጋው እያለቀ ሲሄድ የዌንደል ቦርሳ እየሳሳ መጣ፤ በመጨረሻ ከፈጣኖቹ የቀረችው ብርቱካናማዋ ብቻ ሆነች። ዌንደል ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት እሷን ነበር።

መስከረም ላይ ሎርና ብርቱካናማዋን ይዛ ሰባተኛው መነሻ ላይ ወጣች። ሰው ሊወረውር ሲቆም ማንም አይናገርም፤ ጠበቅን። እጇን ወደ ኋላ ሳበች፣ መለሰችው። እንደገና ሳበች፣ መለሰችው። በመጨረሻ ዲስኳን ቦርሳው ውስጥ ከተተችና እኔ ወዳለሁበት መጣች።

«ይቺን ኩሬው ከበላት ማንም አይጠራውም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቀጥ አድርጌ መወርወር ከቻልኩም ማንም አይጠራውም። ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ አርቪድ። ብቻ እንዲያው እንደ ጅል ላጠፋት አልችልም። ዘገምተኛውን ስጠኝ።»

ክረምቱን ሙሉ አስተማርኳት። በረዶ ላይ ስንጫወት ዲስኩ እንዳይቀበር ከሆዱ ረጅም ጥብጣብ እንለጥፋለን፤ የእሷ ቀይ ነበር። ከሥራ ስትወጣ፣ ቀኑ ሳይጨልም፣ ያን ቀይ ጥብጣብ ነጩ ሜዳ ላይ እየተከተለች ትመላለሳለች። ጉልበትማ ነበራት። የጎደላት ትዕግሥት ነው፤ ክንዷን ታስቀድም ነበር፣ መቅደም ያለበት ግን ወገብ ነው። ወገብሽ ይዙር፣ ክንድሽ ይከተል፣ ስላት ከረምኩ። አንዳንድ ቀን የዌንደልን ስልክ አውጥታ አይታ ትመልሰዋለች። በክረምት ድንኳን የሚተክል እንግዳ የለም፤ ማን ሊደውል። እሷን ባየሁ ቁጥር ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ግን ቃል አስገብታኛለችና እውጠዋለሁ። እኔም ናፍቆኝ ነበር እኮ። ጓደኛዬ ነበር።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ዘገምተኛውን ዲስክ ወረወረች። ዲስኩ ከእጇ ሲወጣ ፉጨት አሰማ፤ እንደ ወትሮው ቀጥ አላለም፣ ወደ ቀኝ ሸሸ፣ እየሸሸ ሄዶ ወደቀ። ድጋሚ ወረወረች፤ አሁንም ወደ ቀኝ። ዞራ አየችኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ደርሷል ማለት ነው?»

«ደርሷል፤ አልፎታልም።»

ይህን ወሬ ለስንቱ ነግሬያለሁ፤ የማይፈነጥዝ የለም፣ በማግስቱ ሱቅ ይሮጣል። ሎርና ግን ክፉ ውጤት ከሐኪም አፍ እንደሰማ ሰው ራሷን ነቀነቀችና ዲስኩን ልታነሳ ሄደች።

ማክሰኞ ደረሰ። ሰባተኛው ላይ ተራዋ ሲሆን ብርቱካናማዋን አወጣች። ቢቀርብሽስ ልላት ፈልጌ ነበር፤ አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር ስመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ዲስኳን ገልብጣ ሆዷ ላይ የተጻፈውን ስም በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገች። ከዚያ ወገቧ ዞረ፣ ክንዷ ተከተለ።

ብርቱካናማዋ ዝቅ ብላ ወጣች። ትንሽ ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ተመለሰች፣ ኩሬውን በጎን አልፋ፣ ጥዱን በጎን አልፋ ሄደች። የምትወድቅ ሲመስለን አሁንም ትሄዳለች። በመጨረሻ ከዛፍም ከውሃም ርቃ ሜዳው መሃል ቁጭ አለች። እንደ ልማዳችን ዲስኮቻችንን እያጋጨን አጨበጨብንላት። ሎርና አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንግታ መራመድ ጀመረች፤ እኛም ተከተልናት። ፊቷን አየሁት። ዲስኳን ማንም ፈልጎ አያገኛትም፣ ማንም አይደውልም፤ ሄዳ የምታነሳት ራሷ ናት። ልቤ ስብር አለ።

ዲስኳ ጋ ስንደርስ ክሊተስ ወደ መነሻው ዞሮ በዓይኑ ለካና ሳያስበው አመለጠው።

«ኧረ ሎርና፣ ዌንደል ራሱ እዚህ አድርሷት አያውቅም። ጉራው ብቻ ነበር እዚህ የሚደርሰው።»

ወዲያው የተናገረው ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሌሎቻችን መሬት መሬት ማየት ጀመርን።

ሎርና ዲስኳን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር፤ እንደዚያው ቆመች። «ምን አልክ?»

«ይቅርታ፣ ሎርና። አፌ ነው፣ ታውቂው የለ። እኔ እኮ...»

«ስለ ዌንደል ምን አልክ?»

ክሊተስ እርዳኝ ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔ ግን በአገጬ ወደ እሷ ጠቆምኩት።

«ጉረኛ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዌንደል። የወረወረውን በእግሩ ይለካና እርምጃውን ያሳጥረው ነበር፤ ርቀቱ እንዲበዛለት።»

«ያሳጥር ነበር» አለች ሎርና። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። «ሌላስ?»

ክሊተስም አጠገቧ ተቀመጠ። ዌንደል ዲስኩን ፍለጋ ኩሬው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ውሃው ነው የቀደመኝ ያለበትን ቀን ነገራት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠርቼ፣ ንጋት ላይ በረዶ ስንጠርግ ጓንቱን የሰጠኝን ቀን ነገርኳት። ከኋላችን ያለው ቡድን ደርሶ ሲቆም እለፉ አልናቸው። ብርቱካናማዋ ሳትነሳ ሣሩ ላይ እንዳለች ሎርና ትሰማ ነበር።