ድንኳን ሥር የዋለ ሳፋ

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው አለቃዬን አያውቀውም።

ሆሳዕና በሚገኝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላብ ቴክኒሺያን ነኝ። ጃጁራ የሚኖሩ አንዲት እናት ደግሞ አክርማ ቀለም እየነከሩ ለስፌት ሰፊዎች ይሸጣሉ። ቀይ እጣቢው ወንዝ ስለሚገባ ወረዳው፣ «ወይ ውሃውን አጥሩ፣ ወይ ሥራውን አቁሙ» ብሎ ደብዳቤ ሰጣቸው። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ስለዚህ ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ይዤላቸው ሄድኩ። ካታሊስት ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃው ውስጥ ያለውን ቀለም ይሰባብራል፤ እሱ ራሱ ግን አያልቅም፣ ከሥር ይዘቅጥና ለሌላ ቀን ይሆናል። ሳምንት ሙሉ ጓሯቸው ሞከርነው። ጠዋት ፀሐይ ላይ የወጣ ሳፋ ከሰዓት በኋላ ጠርቶ ይገኛል። ነገሩ ከተማሪዎቻችን ይልቅ ለእሳቸው ገባቸው።

ወረዳው ኮሚቴ ሊልክ መሆኑን ሲሰማ አለቃዬ ነገሩን የራሱ አደረገው። ስለ ካታሊስት ቆሞ ሲያስተምር ይውላል፤ ሳፋ ግን አማስሎ አያውቅም። ቀድሞኝ ጃጁራ ደርሶ ድንኳን አስተከለ። እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥማ! ሳፋውንም ከክብር እንግዶቹ ፊት፣ ጥላው መሃል ጎለተው።

«ይሄ እኮ ያለ ፀሐይ አይሠራም» አልኩት።

«እንግዶቹን ፀሐይ ላስመታቸው?»

«እነሱ ይቀመጡ፣ ሳፋው ይውጣ።»

«ከዓይናቸው ከራቀ ምን ዋጋ አለው?»

ይህ ሰው ኬሚስትሪ ያስተምራል።

እንግዶቹ መጡ። የመክፈቻው ጸሎት ረዘመ፤ ንግግሩ ከጸሎቱ ባሰ። ውሃው ግን እንደቀላ ነው። አለቃዬን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ከመኪናው ጀሪካን አምጥቶ «ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው» እያለ ሳፋው ላይ ገለበጠው። ውሃው ነጣ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ሽታውን አውቄዋለሁ። ብናገር ሥራቸው ይዘጋል ብዬ ዝም አልኩ፤ ለእሱ ካለኝ ንቀት ያን ጊዜ ለራሴም ደረሰኝ።

እናትየዋ ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ይሄ በረኪና ነው» አሉ። «ከብት የሚጠጣው ወንዝ ላይ በረኪና ልልቀቅ? የእኛ እንዲህ አይደለም። ሌላ ሳፋ ፀሐይ ላይ ላውጣ፤ እስኪ ከሰዓት ድረስ ታገሡኝ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰዓቱን አየ። ምሳ ሆሳዕና ታዟል። «ሙከራው አልተሳካም» ብሎ ጻፈና ተከታትለው ወጡ። አለቃዬም መኪናቸው ውስጥ ቦታ አላጣም።

ሁለታችን ሌላ ሳፋ አውጥተን በየተራ አማሰልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ጠራ። ዱቄቱ እስኪዘቅጥ ጠብቀን ከላይ ያለውን በጠርሙስ ቀዳንና በማግስቱ ወረዳው ቢሮ ይዘነው ሄድን።

ሰብሳቢው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው።

«ይሄ እኮ ውሃ ነው» አለ። «ቀለም እንደነበረበት ምን ማስረጃ አላችሁ?»

እሳቸው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። እስከ አንጓቸው ቀይ ነበር። ሰብሳቢው ፊቱ ተዘጋጅቶ የነበረውን የሥራ እገዳ ደብዳቤ እንዳይቆሽሽበት ወደ ራሱ ሳብ አደረገና በእስክሪብቶው ጫፍ የሚፈርሙበትን ቦታ አሳያቸው።