የራስ ቅሌ ያፈሰሰ ጊዜ

አምና አንድ ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል... ጠብ! ከግራ አፍንጫዬ ጥርት ያለ ውሃ። ቀና ስል ቆመ። ጎንበስ ስል... ጠብ ጠብ ጠብ።

ከዚያ ሦስት ቀን በፊት ከቀይ አፈር ገበያ ወደ ጂንካ ስመለስ፣ መንገድ የገባች ፍየል እንዳልገጭ ብዬ ከነሞተሬ ተገለባብጬ ነበር። ፍየሏ ዞር ብላም አላየችኝ። እኔም ዓይኔ ሥር ከመጥቆሩ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

«ጉንፋን ነው» አለ ሰፈሩ ሁሉ። ነጭ ሽንኩርት ያላስበላኝ የለም። እሁድ ቸርች ለጸሎት ጎንበስ ብል መጽሐፍ ቅዱሴን አራስኩት። አጠገቤ የነበሩት እናት «ተመስገን፣ ልቡ ተነካ!» ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

ራስ ምታቱ ሲብስብኝ ባለቤቴ አስቴር እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን ሰምቶ ዞር አለና እሷን ጠየቃት።

«መሀረቡ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይገግራል?»

«ኧረ ምንም አይገግርም! ይሄ ደግሞ የምን ንፍጥ ነው እያልኩ ሳጥብ ከረምኩ።»

ብዕሩን አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ ይሄ ንፍጥ አይደለም። አንጎልዎ የሚንሳፈፍበት ውሃ ነው። ሲወድቁ የራስ ቅልዎ ወለል ተሰንጥቋል፤ አንጎልን የሚጠቀልለው ሽፋንም አብሮ ተቀዷል። ውሃው በወጣበት ጀርም ከገባ ማጅራት ገትር ነው። በሉ መናፈጥ ክልክል!»

ማጅራት ገትር! የታላቅ ወንድሜን ልጅ በሁለት ቀን የነጠቀን እሱ ነው። አስቴር እጄን ጨበጠች።

ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ሄድን። ቀዶ ጥገናው በአፍንጫ ቀዳዳ ነበር። ስነቃ ግን የሚያመኝ ጭኔ! ለካ የጭን ጡንቻን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ቆርጠው፣ የተቀደደውን የአንጎሌን ሽፋን ጥፈውበት ኖሯል። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሞቹ «እስቲ ጎንበስ በል» አሉኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ጎነበስኩ... አንዲት ጠብታ የለም። እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጂንካ ስንመለስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። አንዱ ጎረቤት «ለመሆኑ ጭንቅላትህን በምን ደፈኑት?» ሲል አስቴር ቀደመችኝ።

«በጭኑ! ድሮም የሚያስበው በእሱ ነበር፤ አሁን በሐኪም ተረጋገጠ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ብዬ ልከራከር? ጠባሳው እንደሆነ ጭኔ ላይ ነው።