ለሮብ ያሳደርኩት ግድግዳ

በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። የናዝሬት ንፋስ ገና አልበረደም፤ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ የልጆቼን አንሶላ ያቀላው ነበር። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ከተራራው ግርጌ ያለች የጭቃ ቤት ናት። በተራራው በኩል ያለውን ግድግዳ ፀሐዩ ሰነጣጥቆት፣ ንፋሱም ምርጊቱን እየላጠ እንጨቱን አውጥቶት ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ካልተመረገ እንደማይቆም አውቃለሁ። ከሥሩ ደግሞ ሦስቱ ልጆቼ ይተኛሉ። ባለቤቴ ሰሜን ዘምቷል።

ጭድ ለምኜ ጭቃውን አቡክቼ ደጅ ላይ አኖርኩት። ምርጊት ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይለጥፋል። እግዚአብሔር ሰው እስኪልክልኝ ጠበቅሁ።

ሰኞ ጠዋት የጎመን ችግኜን ውኃ ሳጠጣ ጎረቤቴ እማማ በቅንጭቡ አጥር በኩል ብቅ አሉ። እማማ የኦሮሞ ባልቴት ናቸው። አማርኛቸው ከሰላምታ ብዙ አያልፍም፤ የእኔም ኦሮምኛ እንዲሁ። ሆኖም ስወልድ ያረሱኝ፣ ልጆቼንም ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። በዱላቸው መጀመሪያ ተራራውን፣ ቀጥሎ ግድግዳዬን አሳዩኝና፣

«ሮብኒ ኒዱፋ» አሉኝ።

«ዱፋ» መምጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ሮብ ደግሞ ያው ሮብ ነው። ሮብ መጥቼ አግዝሻለሁ ያሉኝ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝ እጅ ነሳሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ! ሮብ እጠብቅዎታለሁ።»

«ሮባ! ሮባ!» አሉ ጮክ ብለው፤ ዱላቸውን ወደ ሰማይ አነሱት።

«አዎ፣ ሮብ! እሺ!» አልኩ እኔም ጮክ ብዬ።

ትንሽ አዩኝ። ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

ማታ ከጀርባችን የምትኖር ሴት ጎራ ብላ፣ «ነገ ሥራ የለኝም፤ እንመርገው?» አለችኝ።

«አይ፣ ለሮብ ሰው አለኝ» ብዬ መለስኳት።

ማክሰኞ ረፋዱን ለሚያግዙኝ ሰዎች ሽምብራ ስለቅም አረፈድኩ። ለጭቃ ሥራ ንፍሮ ይበቃል ብዬ። እመቤቴንም አመሰገንኳት።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ድንገት ቆመ። ተራራው ጠቆረና ከዓይን ጠፋ። ልጆቹን ወደ ማድ ቤቱ እንዳወጣኋቸው ዝናቡ ከጎን እየገረፈ መጣ፤ ጎርፉም ተከተለው። ያቦካሁት ጭቃ እንደ አጥሚት ቀጥኖ በጎመኔ ላይ ሄደ። ቀጥሎ ግድግዳው እየተቦደሰ በልጆቹ መኝታ ላይ ወደቀ። መኝታው ባዶ ነበር፤ ተመስገን።

እማማ ጆንያ ተከናንበው አጥሩን ጥሰው መጡ። ትንሿን አዘሏት፤ እኛም ተከተልናቸው።

ቤታቸው ምራታቸው እሳት አንድዳ ጠበቀችን። እሷ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች። ለልጆቹ ትኩስ ወተት ሰጠች፤ እማማ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ሰውነቴ ሲሞቅ አንጀቴ አረረ።

«እስቲ ጠይቂልኝ» አልኳት ምራታቸውን። «ለምን ሮብ አሉኝ? አይመቸኝም ቢሉኝ ኖሮ እኮ ሌላ ሰው ነበረኝ። እሳቸውን ስጠብቅ ነው ቤቴ የፈረሰው።»

ምራታቸው ግራ እየገባት ተረጎመችላቸው። እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ ምራቲቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እትዬ፣ ‹ሮብኒ› እኮ ዝናቡ ነው! ዝናቡ ይመጣል፣ ቶሎ በይ ነው ያሉሽ። እመጣለሁ ቢሉማ ‹ናንዱፋ› ይሉሽ ነበር።»

እማማ አንድ ነገር ጨመሩ።

«‹ሁለቴ ጮኼ ነገርኳት፤ እሺ አለችኝ። ለዝናብ ቀጠሮ የምትሰጥ ሴት ገና ዛሬ አየሁ› ይሉሻል።»

ትልቋ ልጄ ከወተቷ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ እኔን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር እኮ» አለችኝ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስትጫወት ኦሮምኛ መልመዷን አላውቅም ነበር።

ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። በቤታቸው፣ በእሳታቸው ዳር ተቀምጬ፣ ጋቢያቸውን ለብሼ ነው የወቀስኳቸው። አራስ ቤት ሆኜ ገንፎ ያጎረሱኝ እጆች እዚያው ፊት ለፊቴ ነበሩ። ልጆቼን በወለድኩበት ከተማ፣ ከአጥሬ ማዶ ያለውን ቋንቋ ደጄ አላስገባሁትም ነበር። እማማ ግን አልተቀየሙም። የልጄን እግር በሙቅ ውኃ ያጥቡ ነበር።

«ይቅርታ በይልኝ» አልኳት ምራቲቱን፣ ቀና ሳልል።

«ይቅርታው ምን ያደርጋል? ግድግዳው ነው የቸገረው። ነገ ራስሽ ጥሪያቸው። ‹ኮታ› በያቸው፤ ይምጡ ማለት ነው። ደግሞ የቀበሌው ስኳር ኮታ እንዳይመስልሽ!»

እማማ ቀልዱ ሲተረጎምላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ እማማ ላማቸውን ሲያልቡ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «ኮታ፣ እማማ» አልኳቸው። ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ የወደቀውን ጭቃ እንደገና ለመርገጥ ወደ ቤቴ ተሻገርኩ።